የላቀው ፊት

ኢንስፔክተር ዓይናዲስ ሁለት ፖሊሶች አስከትላ ከጎንደር ኮሶዬ ስትደርስ የሟቹ የአቶ ላቀው አስከሬን መደቡ ላይ ተጋድሞ ነበር። ፊቱና እጆቹ እንደ እርሳስ ጠቁረው ወደ ሰማያዊ አድልተዋል። ከአጥሩ ውጪ ዱላ ይዞ የተሰበሰበው ዘመድ ሚስቱን ካልሰጣችሁን እያለ ይጮኻል።

«መርዛው ነው!» አለ ትናንት ማታ ከመተማ የመጣው ወንድሙ አወቀ። «ጧት የብር ውሃ የሚሉትን አጠጥታው ወፍጮ ቤት ሄደች። ዓይኔ እያየ ፊቱ እንዲህ ጠቆረና ሞተ።»

ዓይናዲስ ወደ ሚስቱ ወደ አማረች ዞረች። «ሰጥተውታል?»

«ሰጥቸዋለሁ። ለጨጓራ ሸጋ ነው ብለውኝ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ገዛሁለት፤ ሁለት ዓመት ጠጣው። ፊቱ ግን የጠቆረው አምና ነው። ሰው ያየኛል ብሎ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳ ትቶ እዚህ ግቢ ፀሐይ ላይ ይውል ነበር።»

«ውሸቷን ነው!» አለ አወቀ። «ማታ ደህና ነበር።»

«ማታ በኩራዝ ነበርን፤ ጋቢውን ተከናንቦ መች አየኸው? መሬቱን አካፍለኝ ብለህ ስትጣላው ነው ያመሸኸው።»

ዓይናዲስ የሟቹን ሸሚዝ ፈታች። ደረቱ ጠይም ነው፤ ምንም አልተለወጠም። የዓይኑን ቆብ ገለጠች፤ ከስሩ ቀያይ ነጠብጣብ አለ። ከንፈሩ ከውስጥ ተተልትሏል። ወደ ደጅ ወጥታ አንዱን ፖሊስ ወፍጮ ቤት ላከችው፤ አስከሬን መርማሪዋ ሐኪም ኤሌኒ ዘንድም ደወለችና ብዙ አዳመጠች።

ፖሊሱ ሲመለስ ዘመዱን ሁሉ ግቢ አስገባች።

«የጌጥ ብር በውሃ ተጠጥቶ ደም ውስጥ ሲገባ ቆዳ ስር ይቀመጣል» አለች። «ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል። ስለዚህ ነው ፊቱና እጁ ጠቁረው ደረቱ የቀረው። ይህ ደግሞ ወራት ይፈጃል እንጂ በአንድ ጧት አይሆንም። አቶ አወቀ፣ ዓይኔ እያየ ጠቆረ ያሉት ሊሆን አይችልም።»

አወቀ መለሰ፦ «ታዲያ ምን ገደለው?»

«ትንፋሽ ማጣት። አፉና አፍንጫው ታፍኗል፤ ዓይኑና ከንፈሩ ይናገራሉ። ባለወፍጮው ወይዘሮ አማረች ገና ሳይነጋ ጀምሮ ወረፋ ላይ እንደነበሩ አረጋግጧል። ሲወጡ ባላቸው በሕይወት እንደነበር አንተው ተናግረሃል፤ ቤት የቀረኸውም አንተ ብቻ ነህ። እሳቸው እንደወጡ በጨለማ አፍነኸው፣ ሲነጋ ፊቱን ስታይ ደነገጥህ፤ ከዚያ በፊት ያላየኸውን ጥቁረት በውሃው አሳበብህ። እሳቸው ገዳይ ከተባሉ መሬቱ ላንተ ነው።»

አወቀ ወደ በሩ ተስፈነጠረ። ሁለቱ ፖሊሶች ያዙት። «የአባቴ መሬት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ዘመዱ ግን ዱላውን ዝቅ አድርጎ ለፖሊሶቹ መንገድ ለቀቀ።

አማረች የዓይናዲስን እጅ ያዘች። «ውሃየ አልገደለውም?»

«አልገደለውም።»

«ዓመት ሙሉ ከሰው የለየሁት ግን እኔ ነኝ» አለች። ዓይናዲስ እጇን ሳትለቅ አብራት ተቀመጠች።