በሌለ ገጽ የተለቀሰለት

የዓለም መንግሥታት ሁለት ጎራ ለይተው በተጨፋጨፉበት በዚያ ታላቅ ጦርነት በሦስተኛው ዓመት፣ ብርዱ በበረታበት ወር፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ አንድ ረጅም አዳራሽ የሠራዊቱ ካፖርት መስፊያ ሆኖ ነበር። መስኮቶቹ ከፍ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ሰማይ እንጂ መንገድ አይታይባቸውም፤ በመካከል አንድ የከሰል ምድጃ ይነድዳል፤ ከምድጃው የራቀች ልብስ ሰፊ ጣቶቿን በትንፋሿ እያሞቀች መርፌዋን ትይዛለች። በዚያ ሰፈር ወንድ የተባለ ቢቀር ወይ ሽማግሌ ወይ አካሉ የጎደለ ነው፤ ሴቶቹም የሄዱባቸውን እየጠበቁ፣ ገና ለሚሄዱት ይሰፋሉ።

በዚህ አዳራሽ የማትሰፋ አንዲት ሴት ነበረች፤ አንባቢዋ ይሏታል። ፊደል ከቆጠሩት ጥቂቶች አንዷ ናትና ጓደኞቿ የድርሻዋን ቁልፍና እጅጌ ተከፋፍለው ይሰፉላታል፤ እርሷም በምላሹ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ልቦለድ ታነብላቸዋለች። አዳራሹ የራሱ ሕግ ነበረው፤ ምዕራፍ ሲያልቅ እያንዳንዷ ሰፊ በተነበበው ላይ ፍርዷን ትሰጣለች፤ «እኔ እንጃ» ያለች ግን የዚያን ቀን የምድጃውን አመድ ትጠርጋለች። አቤት የዚያ ፍርድ ጨዋታው! በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ባል ቢሰክር እንደ ጎረቤት ባል ይረገማል፤ ልጅት ያፈቀረችውን ብታገባ መርፌ ተጥሎ ይጨበጨብላታል፤ ስለ አንዲት በወረቀት ላይ ብቻ ስላለች ምራት ሁለት ሰፊዎች ተጣልተው ሳምንት ሙሉ ተኳርፈዋል።

አንባቢዋ ይህን ሁሉ ስታይ ኖራ አንድ እምነት ይዛለች። ሰው በራሱ ጉዳይ ይዋሻል፤ በልቦለድ ሰው ላይ ሲፈርድ ግን የልቡን ያወጣል ትላለች። ጉድ የሠራቻት ይህችው እምነቷ ናት።

በዚያ ወር የሚነበበው መጽሐፍ ሽፋኑ ተገንጥሎ ስሙ የጠፋ ነበር፤ ሴቶቹ «የባለወፍጮዋ» ይሉታል። አንዲት ባለወፍጮ መበለት ከጦር ሜዳ የከዳ ልጇን በዱቄት ጆንያዎች መካከል ስትሸሽግ የሚያወሳ ነው። የአዳራሹ አለቃ፣ በጦርነቱ መጀመሪያ የወደቀ የአንድ ሻምበል ሚስት የነበረች ቁጡ ሴት፣ መጽሐፉ እንዲነበብ የፈቀደችው በመጨረሻ እናትየዋ ትታሰራለች ስላሏት ነው፤ ትምህርት ይሆናችኋል ብላለች። በየግድግዳው የተለጠፈው ዐዋጅ ግን በእስር አልረካም፤ ከጦር የከዳም፣ ከዳተኛን የሸሸገም፣ ዐውቆ ያልጠቆመም በሞት ይቀጣል ይላል።

ይህን ዐዋጅ በየማለዳው እያነበበች የምታልፈው አንባቢ፣ ከወጥ ቤቷ በላይ ባለች ቆጥ ላይ የታላቅ እህቷን ልጅ ሸሽጋ ነበር።

ልጁን ያገኘችው ከሰል ልታወጣ ጓሮ ስትወርድ ነው፤ በከሰሉ ክምር ሥር ተኮራምቶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። አንድ ለእናቱ ነው፤ ሲዘምት በባቡር ጣቢያው ሕዝብ ሁሉ እየሰማ እናቱ «ጀርባህን ለጠላት ሰጥተህ ከምትመጣ ሬሳህ ይምጣልኝ» ብላ ሸኝታዋለች።

«አክስቴ፣ በሞቴ፣ ለእማ እንዳትነግሪብኝ» አላት ገና ቆጡ ላይ ሳይወጣ።

«አብደሃል እንዴ? እናትህ እኮ ናት!»

«ጣቢያው ላይ ያለችውን አልሰማሽም?»

ሰምታለች። ማለችለት።

እናቱ ደግሞ በዚያው አዳራሽ ከአንባቢዋ ፊት ለፊት ተቀምጣ የካፖርት ገበር ትገጥማለች። ባሏ የሞተባት፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ ነገር ግን ታሪኩ ወዴት እንደሚያመራ ቀድማ ስለምትናገር «ነቢይት» የሚል ስም ወጥቶላታል። «ይሄ ሰውዬ ይከዳታል፣ ጠብቁ» ትላለች፤ ሦስት ገጽ ሳይሄድ ይከዳታል። ሴቶቹ ሲገረሙ እርሷ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች ፈገግ ትላለች።

ባለወፍጮዋ ልጇን ጆንያ መካከል የሸሸገችበት ምዕራፍ ሲያልቅ አንባቢዋ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ፍርድ!» አለች፤ ዐይኗ ግን በእህቷ ላይ ነበር።

«ደግ አደረገች! ማሕፀን ዐዋጅ ያውቃል እንዴ?» አለች ቁልፍ ሰፊዋ። አለቃዋ ቀና ስትል ደንግጣ «ማለቴ፣ እርስዎ እንደሚሉት ሕግ ሕግ ነው» ብላ ካፖርቱ ውስጥ ተደበቀች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ነቢይት አልሳቀችም። «የሰው ልጅ እየረገፈ የሷ በዱቄት መሃል ይደልብ? እኔ ብሆን ጆሮውን ይዤ ለአዛዡ አስረክበው ነበር» አለች።

«እናት ማለት እንዲህ ናት!» አለች አለቃዋ።

ልጁ እውነቱን ነው፣ እህቴ ልቧ ድንጋይ ሆኗል ብላ አሰበች አንባቢዋ፤ ምዕራፍ በተከተለ ቁጥርም ፍርዷ ያው ሆነ። አንባቢዋ ማታ ወደ ቤቷ ስትገባ ልጁ ከቆጡ ላይ ሆኖ «እማ ዛሬ ምን አለች?» ይላታል፤ «ደኅና ናት» ትለዋለች።

ቆጧ ብርድ ታስገባ ነበርና ልጁ ማሳል ጀመረ፤ ሳሉ ወደ ውጋት፣ ውጋቱም ወደ ትኩሳት ተለወጠ። ሐኪም እንዳትጠራ፣ ሐኪም ለዘመቻ የደረሰ ወንድ ባየ ጊዜ ሁሉ ለጦሩ መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ታዟል። ልጁ መሐላውን ራሱ አፈረሰው። «እማን ጥሪልኝ። የፈለገችውን ታድርገኝ፣ ብቻ ጥሪልኝ» አላት። አሁን የሚያስጨንቃት ይህ ነው፤ ብትጠራት እህቷ ልጁን ለአዛዡ ታስረክበው ይሆን? ልጁንም እርሷንም ታስረሽናቸው ይሆን? እህቷን በግልጽ ብትጠይቃት ምሥጢሩ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ እንደ ልማዷ ፍርዱን ከልቦለድ ልትፈልግ ቆረጠች።

በማግሥቱ መጽሐፉን ከፍታ በገጹ ላይ የሌለውን አነበበች። የባለወፍጮዋ ልጅ በላይኛው ፎቅ ባሉት ጆንያዎች መካከል ታመመ አለች፤ ወታደሮች ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰፍረዋልና እናቲቱ ወደ እርሱ መውጣት ፈራች፤ ልጁም በትኩሳት እየቃዠ «እናቴ፣ አንዴ ብቻ ዳብሺኝ» ይላል አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። አለቃዋ መቀሷን አስቀምጣ ዐይኗን ተከለችባት።

«ፍርድ!» አለች አንባቢዋ በቀጭን ድምፅ። «ትውጣ ወይስ ትተወው?»

የነቢይት መርፌ ቆሞ ነበር፤ ፊቷም አመድ መስሏል። ወዲያው ግን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ትተወው! ይሙት!» ብላ ጮኸች። «የከዳ ልጅ ልጅ አይባልም! አንቺም ይህን ሙሾ አታንብቢልን፤ ዝለይውና ወደ ፊት ሂጂ!»

አለቃዋ ሳቀች፤ ሴቶቹም አጉረመረሙ። በቃ፣ አለች አንባቢዋ በሆዷ፤ ቁርጡን ዐወቅሁ።

ሲወጡ ነቢይት በሩ ላይ ተጠግታት አንድ የተጠቀለለ የሱፍ ገበር ከሻሏ ሥር አውጥታ በቅርጫቷ ውስጥ ሸጎጠችላት። ያን ጨርቅ ከአዳራሹ ማውጣት ወህኒ ያስወርዳል።

«እትዬ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ብርድ ነው። አትጠይቂኝ፣ እኔም አልጠይቅሽም» ብላት ሄደች።

ስለ ጮኸችብኝ አዝናልኝ ነው ብላ ጨርቁን ለልጁ አለበሰችው። ልጁ በማግሥቱ፣ እሑድ ሊነጋ ሲል፣ በዚያው ሱፍ እንደተጠቀለለ እናቱን እየጠራ ሞተ።

ከዚህ በኋላ አንባቢዋ የምትፈራው ነገር አልነበራትም። ሄዳ እህቷን አመጣቻት፤ መሰላሉን አስወጣቻት። ነቢይት አስቀድማ ያየችው ጨርቁን ነው፤ ዳበሰችው፤ ከዚያ ፊቱን ገለጠች።

«እሱ ነበር?» አለች። «እሱ ነበር የታመመው?»

«እትዬ፣ አንቺ ይሙት ስትዪ ጊዜ…»

«መጽሐፉን አውቀዋለሁ እኮ!» አለች ነቢይት። «ነፍሱን ይማረውና ባሌ ያላነበበልኝ የለም፤ ነቢይት መባሉ ደስ ስለሚለኝ ነው ዝም ያልኩት። የባለወፍጮዋ ልጅ አይታመምም፤ ወንዙን ተሻግሮ ያመልጣል። የሌለ ነገር ስታነቢ ቤትሽ ሰው ደብቀሽ እንደታመመብሽ ገባኝ። አለቃዋ አፍጥጣብሻለች፣ አንቺ ልታለቅሺ ደርሰሻል፤ ዐይኗን ከአንቺ ላይ ላንሳ ብዬ ነው የጮህኩት!»

«ታዲያ መጥተሽ ምነው ባልጠየቅሽኝ!»

«ያላየሁትን ብገረፍም አላወጣም ብዬ። የአንዷ ጎረቤት ልጅ መስሎኝ። የኔ መሆኑን በምን ልወቅ?»

«ጣቢያው ላይ ያልሽውስ?»

«ሰው ሁሉ እየሰማ ምን ልበል ነበር? ሁሉም እናት የምትለውን አልኩ» አለች፤ ከዚያ በኋላ በመዳፏ አፏን መታችው፤ ደግማ መታችው። «ይሙት አልኩ፤ በዚህ አፌ።»

የቤቱ ግድግዳ ስስ ነውና ጮኾ ማልቀስ አልተቻለም። እናትየዋ የሱፉን ጫፍ ነክሳ ተንቀጠቀጠች እንጂ ድምፅ አላሰማችም። ሁለቱ እህትማማቾች በጓሮው የከሰሉን ክምር ገለል አድርገው ቆፈሩ፤ ልጁን ያለ ጸሎትና ያለ ለቀስተኛ ቀበሩት፤ ከሰሉንም በላዩ መለሱት።

ሰኞ የቀረ ሰው ይጠረጠራልና ሁለቱም ወደ ሥራቸው ሄዱ። ገና ከመቀመጣቸው ቁልፍ ሰፊዋ «ያ የታመመው ልጅ እንዴት ሆነ? እሑድን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ» አለች። አንባቢዋ እህቷን አየቻት። ነቢይት ዐይኗን ከስፌቷ ሳታነሣ «አንብቢው» አለች።

መጽሐፉ የተከፈተው ልጁ ወንዙን በሚሻገርበት ገጽ ላይ ነበር፤ ውኃው፣ ጀልባው፣ ማዶ የሚታየው መብራት ሁሉ ተጽፏል። አንባቢዋ ያን ገጽ እያየች የልጁን ሞት አነበበች። እናቱን እንዴት እንደጠራ፣ ምን እንደለበሰ፣ እናቱም ያልወጣችው ስላልወደደችው ሳይሆን ስላላወቀች እንደነበር አነበበች። ቁልፍ ሰፊዋ ማልቀስ ጀመረች፤ ተከታትለው ሌሎቹም አለቀሱ፤ ያን ጊዜ ነቢይት ካፖርቱን ጥላ፣ ደረቷን እየመታች፣ እንደ ማንኛዋም ልጅ እንደሞተባት እናት ድምፅዋን ለቅቃ አለቀሰች።

«ምነው ነቢይት! ይሙት ብለሽ የለ?» አለች አለቃዋ፤ እርሷም ዐይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«ብዬ ነበር» አለች።

ፍርድ ሲዞር ተራው ደረሳት። «እኔ እንጃ» አለችና ተነሥታ አመዱን ጠረገች።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ባለሥልጣናቱ ለአዳራሹ የምስጋና ጽሑፍ ሰጡ፤ በከተማው አደባባይ የቆመው ሐውልትም የወደቁትን በማዕረግና በስም ቆጠረ፤ የከዱት አልተቆጠሩም። ታሪክ ጸሓፊዎች ስለዚያ አዳራሽ ያተረፉት ብዙ ካፖርት እንደተሰፋበት ብቻ ነው። የባለወፍጮዋ መጽሐፍ ግን በአዲስ ሽፋን እየታተመ ዛሬም ይነበባል፤ ልጁ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሸምግሎ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ይኖርበታል። ቁልፍ ሰፊዋ በእርጅናዋ የልጅ ልጆቿ ሲያነቡላት «ውሸት ነው! ይሞታል! እኔ ራሴ አልቅሼለታለሁ» እያለች ትከራከራቸው ነበር፤ እነርሱም አያታችን ጃጀች ብለው ገጹን ይገልጣሉ።