መርፌ የማይፈራው ሟች

ኤርሚያስ የሞተው እጁን ሊታከም ገብቶ ነው። ካምፓላ፣ ጋባ ወደብ ላይ ዓሣ ሲረከብ አጥንት መዳፉን ወግቶት አመርቅዞ ነበር፤ በሽታው ይኸው ነው። ምሳውን ዘውዲ ምግብ ቤት በላ፣ መንገዱን ተሻግሮ ትንሿ ክሊኒክ ገባ፣ ከዚያ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ አልጋ ላይ ቀረ።

ሰፈሩ ገዳዩን ለማግኘት አስከሬኑ እስኪነሳ እንኳ አልጠበቀም። «ዘውዲ ናት!» አለ። በዚያው ሰሞን የሸተተ ዓሣ አመጣብኝ ብላ ደጇ ላይ «አፈር ብላ!» ስትለው ያልሰማ ሐበሻ የለማ!

ሻምበል ግርማ አዲስ አበባ በወንጀል ምርመራ ያረጀ፣ አሁን ካምፓላ ልጁ ዘንድ የሚጦር ሰው ነው። በማግስቱ ከናጉሩ ፖሊስ መምሪያ የመጣችው ኢንስፔክተር አኬሎ የስድቡን ትርጉም ብትጠይቀው «መቃብር ግባ ማለት ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ ነገራት። እሷም ዛቻ ብላ ያዘችው።

«የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ሴትዮዋ ትታሰራለች፣ ቤቱም ይታሸጋል» አለች።

«እስከ ማታ ታገሡኝ» አላት ግርማ።

ወጥ ቤት ገብቶ የዓሣውን ድስት ከፍቶ አሸተተ። ቀና ሲል ዘውዲ በሩ ላይ ቆማለች።

«እርስዎም፣ ሻምበል?»

«ሥራዬ ነው፣ ልጄ።»

«ትናንት ከዚሁ ድስት ሲበሉ ግን አላሸተቱም።»

የግርማ ጆሮ ጋለ። ለነገሩ እውነቷን ነው። አፉን ጠርጎ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ የወጣ ሰው ነው ዛሬ ድስት የሚያሸት።

«ኤርሚያስ ከማን ጋር በላ?»

«ከማዕረግ ጋር፣ ከአንድ ትሪ። እንዲያውም ማዕረግን ያውቁት የለ? ከትሪው ላይ ብዙውን ያነሳው እሱ ነው።»

ማዕረግን የማያውቅ የለም። ፖሊስ ጣቢያ ቢባል፣ ሐኪም ቤት ቢባል፣ የሐበሻው ሁሉ አፍ እሱ ነው። ሽሮ ሲያዝ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ ግን ከጥግ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቷል።

«ሆድህን አላመመህም?» አለው ግርማ።

«ኧረ ምንም አልሆንኩ፣ ሻምበል።»

«ክሊኒክ ይዘኸው የገባኸውስ?»

«እኔ ነኝ። አስተርጓሚ ሆኜ።»

አኬሎ በእንግሊዝኛ ጣልቃ ገባች፤ «ሟቹ ምን አለ?» ማዕረግ እሷን አላያትም። ፊቱን ወደ ግርማ አዙሮ በአማርኛ «እጁን አሞት ነበር፣ መርፌም ፈራ ብለው ይንገሩልኝ» አለ። ግርማ ነገረለት፤ ግን ልቡ እዚያው ላይ ተንጠለጠለ።

ግርማ ወደ ክሊኒኩ ተሻግሮ ነርሷን ናካቶን ጠየቃት። «የማይሆንህ መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። ሰውዬው ብዙ ተናገረ፤ እጄንም ገፋኝ። አስተርጓሚው ‹ፈርቶ ነው› አለኝ። አይዞህ ብዬ ወጋሁት።»

ለቅሶ ቤት ያገኛት የሟቹ እህት አልማዝ ደግሞ መርፌ ሲባል ለቅሶዋን አቋረጠች። «ኤርሚያስ? መርፌ ፈራ? መንጠቆ ሥጋው ውስጥ ቢገባ በካራ አውጥቶ ሥራውን የሚቀጥል ሰው!»

ከሰዓት በኋላ ግርማ ሁሉንም ዘውዲ ቤት ሰበሰባቸው። ጎረቤቱም ሳይጠራ በሩን ሞላው።

«መጀመሪያ ትሪው» አለ። «ሁለት ሰው ከአንድ ትሪ በልቶ፣ ብዙ የበላው ቆሞ ይሄዳል። እንግዲህ ምግቡ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ መርፌው። መንጠቆ የማይፈራ ሰው የነርስ እጅ ለምን ይገፋል? አልማዝ፣ ወንድምሽ መድኃኒት ጎድቶት ያውቃል?»

አልማዝ ዓይኗን ጠረገች። «ልጅ ሆኖ በአንድ መርፌ ሞቶ ነበር የተረፈው። ፊቱ እንዲሁ አብጦ። ከዚያ ወዲህ ለሐኪም ሁሉ ሳይናገር አይወጋም።»

«ትናንትም ተናግሯል። ብዙ ነው የተናገረው፤ ነርሷ የደረሳት ግን አንድ ቃል ነው። ሦስተኛው፣» ድምፁ ዝቅ አለ፣ «ሽሮ በእንግሊዝኛ የሚያዝ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልወጣውም። ማዕረግ፣ ምን ነበር ያለህ?»

ማዕረግ ላቡን ጠረገ።

«‹ይሄ መርፌ ይገድለኛል፣ ንገራት› አለኝ። የሕክምናው ቃል ጠፋኝ። ልጠይቃት ደግሞ አፈርኩ፤ እንግሊዝኛ ያውቃል የተባልኩ ሰው! ይገድለዋል የሚለውን ቃልማ አላጣሁትም። ግን ባለሙያን ፊት ለፊት ‹ልትገድይው ነው› ይባላል? ነውር መሰለኝ። ፈርቶ ነው ብዬ አለፍኩት።»

«ዘውዲ ስትወነጀልስ?» ጮኸች አልማዝ።

«ምን አፍ አለኝ?»

ይሉኝታ! ደህናውን ሰው ሁሉ ዝም የሚያሰኝ ይሉኝታ። በሩ ላይ የቆመው ጎረቤት አንድ ባንድ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ግርማ ለአኬሎ ሁሉንም ተረጎመላትና ቀጠለ፤ «እኔም የሰጠሁዎት ቃል ልክ አልነበረም። ‹አፈር ብላ› የንዴት ቃል ነው፤ እናት ልጇን ትለዋለች። እያወቅሁ እንደ ዛቻ ተረጎምኩት። ዘውዲ፣ ይቅርታሽን እለምናለሁ።»

ዘውዲ ጨርቅ አንስታ ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረች።

አኬሎ ብዕሯን አነሳች። ልቧ ሳይራራ አልቀረም መሰል፣ ማዕረግን ለስለስ ባለ እንግሊዝኛ ጠየቀችው፤ «እንግዲህ ሟቹ ያለው አልገባህም ነበር ብዬ ልጻፍ?»

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፈተለት። አዎ ቢል ማን ይከሰዋል? ስህተት ተብሎ ይቀራል።

ማዕረግ ከወንበሩ ተነሳ። አልማዝን አየ፣ ዘውዲን አየ።

«ኖ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «አይ አንደርስቱድ።»

ገብቶኝ ነበር ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ የማይችለውም ጎረቤት ሳይተረጎምለት ገባው። አልማዝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ አኬሎም ቃሉን እንዳለ ጻፈችው።