በጾም የሚበላው ጠርሙስ

ብታምኑም ባታምኑም፣ ይሄ የሆነ ነገር ነው። የነገረችኝ ራሷ ደብረወርቅ ናት፤ የቄስ ገብረ ኪዳን ሚስት። ቁጣ እንጂ ውሸት አታውቅም።

ጊዜው ደርግ፣ 1978 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም። ሰዓቱ ቀትር፣ ስድስት ሰዓት። ቦታው ወረታ፣ ከከብት ማርቢያው ጎን ያለች የቆርቆሮ ቤት፣ የዶክተር አዛናው ቤተ ሙከራ።

በዚያ ሰዓት ፎገራ ሜዳ ላይ ጥላ እንኳ አይገኝም። ቤቱ ውስጥ ግን ይቀዘቅዛል...

ዶክተሩ ከደብረወርቅ ጡት እብጠት ቆርጦ ወስዶ ነበር። ነቀርሳ ነው። ቁራጩን በትንንሽ ጠርሙሶች፣ በቀይ ፈሳሽ ውስጥ አሳደገው። በየጠርሙሱ የተለያየ መድኃኒት ይሞክራል፤ ሥጋውን የገደለው ለእሷ ይሰጣል። ካልተገኘ ግን... ክረምቱን አታየውም።

እስካሁን የተሞከረው ሁሉ ከሽፏል። ሥጋው ወይ ፍንክች።

"ይኸው፣ እናቴ" አለ አንዱን ጠርሙስ አንስቶ። "የእርስዎ ሥጋ ነው። በሕይወት አለ።"

"ምን እየበላ?"

"የጥጃ ደም ውሃ። ሲበላ ቀዩ ፈሳሽ ቢጫ ይሆናል።"

ደብረወርቅ ብድግ አለች።

"በሁዳዴ? እኔ ውሃ ሳልቀምስ ሥጋዬ ደም ይጠጣል?"

ዶክተሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ጠርሙሱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

"ስሚኝ፣ አንቺ! ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ብትቀምሺ... ውርድ ከራሴ!"

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ዶክተሩ በር ላይ ጠበቃት። አይስቅም።

"ጠዋት አበላሁት... አልነካውም" አለ በሹክሹክታ። "ቀኑን ሙሉ ቀይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደወሉ ሲሰማ..."

"ቢጫ ሆነ?"

"ሆነ... ይታዘዝዎታል።"

"ምን ያርግ! የኔው አይደል?"

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ፈርታለች። ፍርሃቷን በጩኸት ሸፈነችው።

"እንግዲያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መድኃኒቱን ማዕዱ ላይ ጨምርበት! ሲርበው ምን አማርጦ!"

ጨመረበት። ሥጋው እንደ አመድ ረገፈ።

ያንኑ መድኃኒት እሷም ወሰደች። ጠጉሯ አለቀ፣ እብጠቱም ሟሸሸ። ሰዉ "ሞት ደጇ ደርሶ ተመለሰ" ሲል፣ "መለስኩት በሉ እንጂ!" ትላለች። የተረፋትን ጥቂት መድኃኒት ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

መድኃኒት ያልነካው አንድ ጠርሙስ ለማነጻጸሪያ ቀርቶ ነበር። ዶክተሩ እንድትተውለት ለመናት።

"ለሌላ ሕመምተኛ መድኃኒት መሞከሪያ ይሆናል... አይሞትም እኮ፣ እናቴ።"

"ሥጋ አፈር ይገባል እንጂ ጠርሙስ ውስጥ አይኖርም። አምጣ!"

እሷና ባሏ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሊቀብሩት ወሰዱት። ቄስ ገብረ ኪዳን የጠርሙሱን አፍ በጧፍ ሰም እያሸጉ አመነቱ።

"መጀመሪያ መድኃኒቱን ብታጠጭው..."

"አፈር ይበቃዋል። አንቱ ብቻ ቆፍሩ።"

ቆፈሩ። ቀበሩት።

ክረምት ገባ። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው።

በፍልሰታ ጾም፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደብረወርቅ ብቻዋን እቤት ሳለች አንድ ነገር በሩን መታ።

ኳ... ኳ... ኳ...

ከፈተች። ጎርፉ ያመጣው ጠርሙስ ነው። ሰሙ እንደታሸገ ነው። ፈሳሹ ግን...

ቢጫ።

ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው!

ወደ ጋጣው ዞረች። ትናንት የተወለደችው ነጭ ጥጃ ሞታ ተዘርራለች። ቁስል የላትም። ድዷ ግን ደሙ ተመጦ እንደ ጥጥ ነጥቷል።

ደብረወርቅ ሳጥኗን ከፍታ መድኃኒቱን አወጣች። ጠርሙሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ዐይኗን ከጠርሙሱ አልነቀለችም።

"ጾም ገደፍሽ? ይሁን። እኔም አልሞትኩልሽም። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ እንተያያለን።"

በታሸገው ጠርሙስ ውስጥ፣ ቢጫው ፈሳሽ ላይ፣ አንዲት ነጭ የጥጃ ጠጉር ቀስ እያለች ትዞር ነበር...