በአንድ ቤት ሁለት አዛዥ

ሐጂ ሽኩር ቤቴል በሚገኘው ቤታቸው፣ ምድር ቤት ባለው ባኞ ቤት ወለል ላይ ተዘርረው ሲገኙ የቦይለሩ ክዳን ተፈትቶ፣ ካቻቢቴው አጠገባቸው ወድቆ ነበር። የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነው፤ ይህን ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም። መርማሪ ያስፈለገው ባለቤታቸው ወይዘሮ ነኢማ «ባሌን ያቺ ልጅ ገደለችብኝ!» ብለው ሰፈሩን ስላናወጡትና፣ ያቺ ልጅም በማግስቱ ስለታሰረች ነው።

ልጅቱ ፅዮን ትባላለች፤ ቤትን በስልክ የሚያዝ ሶፍትዌር ትገጥማለች። ኢንስፔክተር ብርቅዬ ጣቢያ ሄዳ ስታናግራት ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል።

«ሐጂ ቦይለሩን በስልካቸው አጥፍተው ነው የከፈቱት» አለች ፅዮን። «ብሬከሩን ያውርዱ ብዬ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ። እኔ የሰጠሁት ትእዛዝ ደግሞ ቦይለሩን የሚያበራው ንጋት ላይ ብቻ ነው።»

«ታዲያ በቀን ማን አበራው?»

«የቤቱ ዋይፋይ ውስጥ የገባ ሁሉ ማብራት ይችላል። የይለፍ ቃሉን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል፤ ማን እንደነካውም አይመዘግብም። ጥፋቴ እሱ ነው። ነገ ፍርድ ቤት ያቀርቡኛል፣ ኢንስፔክተር። አንዴ ነፍሰ ገዳይ ከተባልኩ ማን ቤቱን ያስነካኛል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐጂ ሽኩር ለሚያሠሩት ሕንፃ የሚሆን ሶፍትዌር ለመምረጥ የገዛ ቤታቸውን መፈተኛ አድርገውት ነበር። የውጭው በርና ፎቁ ለእህታቸው ልጅ ለኢብራር፣ ምድር ቤቱ ለፅዮን ተሰጠ። የኢብራር ሶፍትዌር ሕፃን እንኳ የሚጠቀምበት ነው፤ ነካ ሲያደርጉት ይበራል፣ ነካ ሲያደርጉት ይጠፋል። የፅዮን ለመልመድ ራስ ያዞራል፤ ከለመዱት በኋላ ግን ያሻዎትን ቢያዙት እሺ ነው። ሐጂ ሲያመነቱ ከርመው፣ በሞቱበት ሳምንት የፅዮንን መረጡ። ኢብራርን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ይታያችሁ! ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል፤ ለፅዮን ግን ትንሽ በዛባት።

ወይዘሮ ነኢማ ሪህ ያጎበጠውን ጣታቸውን እያሹ ብርቅዬን ተቀበሏት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቀንተውባት ነበር?»

«አዎ ቀንቻለሁ! ምን እደብቃለሁ? ከእኔ ጋር ሁለት ቃል የማይነጋገር ሰውዬ ከእሷ ጋር በስልክ ሲንሾካሾክ ያመሻል። እኔ ስገባ ጭጭ! ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬ፣ እኔ ላይ ጭጭ!»

«የዚያን ቀን የት ነበሩ?»

«ፎቅ ቁርኣን እየቀራሁ። ቴሌቪዥኑም ከጠዋት ጀምሮ ኢንተርኔት የለም ብሎ ሞቷል። ዙህር ሰግጄ ስወርድ ምድር ቤቱ መብራቱ ሁሉ በርቷል፤ እሱ...» እንባ አቋረጣቸው። «ቤቱ እኮ አብዶ ነበር። ሰሞኑን ማንም ሳይነካው መብራቱ በጠራራ ፀሐይ ቦግ፣ ድርግም ይላል።»

«ቦይለሩን ለምን ከፈቱት?»

«ከሰሞኑ ለሱብሂ ሶላት በንጋት ስነሳ ውሃው ሞቆ ይጠብቀኛል። ያን ቀን ‹ዛሬስ አቃጠለኝ› አልኩት። ሙቀቱን ልቀንስልሽ ብሎ ገባ።»

ብርቅዬ ስትወጣ የውጭው በር ብረቱ ተጣሞ አየች።

«ጋሽ ባጫ፣ ይህን በር ምን አገኘው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ዘበኛው። «አምቡላንስ ደጅ ቆሞ፣ በስልክ ቢነኩት ቢነኩት በሩ እምቢ አለ። በዲጂኖ ፈነቀልኩት። ድሮ አንዲት መቀርቀሪያ ነበረችን፤ እሷ ኢንተርኔት አትጠይቅም።»

ብርቅዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ኢንተርኔቱ ምን ሆኖ ነው?»

«መንገድ ቆፋሪዎቹ በጠዋት ገመዱን በጠሱት። ሰፈሩ በሙሉ እስከ ማታ አልነበረውም።»

ከዚያ ታክሲ ይዛ ኢብራር ሱቅ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ሄደች። ኢብራር ወንበር ጠርጎ አስቀመጣት፤ ሐዘኑ የውሸት አይመስልም።

«አጎቴ ቀላሉን ትቶ ከባዱን መረጠ» አለ። «ውጤቱን አዩት።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ሱቄ ውስጥ፣ ወላሂ! ቤቱ ብዙ ኃይል ሲስብ የእኔ ሶፍትዌር ስልኬ ላይ ይነግረኛል። ልክ የዙህር አዛን ሲጀምር ምድር ቤቱ ባንዴ ቦግ አለ። ሰው እንዲህ አያበራም፤ ሶፍትዌሯ አብዶ ነው።»

ብርቅዬ አመስግናው ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ከፍርድ ቤቱ በፊት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ፅዮን እጇ በካቴና ታስሮ በፖሊስ ታጅባ ገባች፤ ወይዘሮ ነኢማ ፊታቸውን አዞሩባት። ብርቅዬ የኢንተርኔቱን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች።

«ያን ቀን ይህ ቤት እንዲህ ነበር። ኢብራር፣ እስቲ በሩን ክፈትልኝ።»

ኢብራር ስልኩን ነካ። ደግሞ ነካ። በሩ አልተነቃነቀም።

«ዳታ አለህ?»

«አለኝ።»

«አንተ አለህ፣ ቤቱ ግን የለውም። ያንተ ሶፍትዌር ኢንተርኔት ከሌለ አይሰማም፣ አይናገርም። ጋሽ ባጫን ዲጂኖ ያስነሳቸው ይኸው ነው። ፅዮን፣ አንቺስ?»

ፅዮን ግድግዳው ላይ ያለውን ታብሌት ነካች፤ የሳሎኑ መብራት በራ። «የእኔ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ዋይፋዩ ይበቃዋል።»

ብርቅዬ ወደ ኢብራር ዞረች። «ሐጂ የሞቱበትን ሰዓት ያየ ሰው የለም፤ ወይዘሮ ነኢማም ያገኟቸው ከሶላት በኋላ ነው። ቤቱ ያን ቀን ወደ ውጭ ትንፍሽ አላለም። ታዲያ ምድር ቤቱ በዙህር አዛን እንደበራ ለአንተ ማን ነገረህ?»

«ስልኬ...»

«ስልክህ አልነገረህም። ያወቅከው ያበራኸው አንተ ስለሆንክ ነው። በፅዮን ሶፍትዌር፣ በዚህ ቤት ዋይፋይ። ዋይፋዩ ደግሞ ከአጥሩ ጥግ አያልፍም፤ 18 ማዞሪያማ የት ሆኖ!»

ጋሽ ባጫ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ እሱማ ሰሞኑን መኪናውን አጥሩ ጥግ አቁሞ ስልኩን ሲነካካ ነው የሚውለው! የቤቱ ልጅ ነው፣ ምን ብዬ ልጠይቀው?»

«የዚያን ቀንስ?»

«የዚያንም ቀን። አዛኑ ሲያልቅ ሄደ።»

ኢብራር ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። «ሁሉንም ባንዴ ሳበራ አጎቴ ባኞ ቤት መሆኑን አላወቅኩም! ወላሂ አላወቅኩም! ሶፍትዌሯ አብዷል ብሎ እንዲተዋት ብቻ ነበር። አባቴ ያልኩት ሰው እኮ ነው! ትናንት የመጣች ልጅ እኔን አስረሳችው። ቅናት አንጀቴን በላው፣ ምን ልበል!»

«አጎትህን ሳታውቅ ገደልክ» አለች ብርቅዬ። «ይህችን ልጅ ግን አውቀህ ልትቀብራት ነበር።»

ኢብራርን ይዘውት ወጡ። ፅዮን እጇ ተፈታ። ወይዘሮ ነኢማ ቀና ብለው አላዩአትም።

«ማታ ማታ ከእሱ ጋር የምትነጋገሩት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ሱብሂ ነው፣ እትዬ።» ፅዮን እንባዋን ጠረገች። «የኢብራር ሶፍትዌር አንድ ቁርጥ ሰዓት ብቻ ነው የሚቀበለው። የሱብሂ ሰዓት ደግሞ እየተለዋወጠ ያስቸግራል። ሐጂ ‹ነኢማ ስትነሳ ለውዱእ የምትታጠብበት የሞቀ ውሃ ይጠብቃት፤ ጣቷን ብርዱ ፈጃት። ግን እንዳትነግሪያት፣ ታሾፍብኛለች› አሉኝ። ሰዓቱን እስክናስተካክል ነው ያን ያህል የደዋወልነው። የእኔን የመረጡትም ለዚሁ ነው።»

ወይዘሮ ነኢማ የጎበጡ ጣቶቻቸውን ታቅፈው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ፅዮን ምን እንደምታደርግ ጨንቋት ወደ ታብሌቱ ተጠጋች።

«እትዬ፣ ሶፍትዌሩን ላጥፋልዎት?»

«ተይ!» ብለው እጇን ያዟት። «አፉ በይኝ፣ ልጄ። ያንን ቦይለር የሚሠራ ሰው ፈልጊልኝ። ሱብሂውን ግን እንዳትነኪብኝ።»