ማራገቢያው ቆሞ ያልወረደው ክር

እኔ በሙት መንፈስ ወሬና በጥንቆላ የማላምን፣ ልጄንም «በዓይንሽ ያላየሽውን አታውሪ» ብዬ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፣ ይህን ግን፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘመሮ ከተማ አጠገብ ያለውን ቤታችንን በአንድ በልግ ነፋስ ጣሪያውን ገነጠለው፣ ወጋግራውም ባለቤቴን በተኛችበት ጥግ ወድቆ ገደላት። ምህንድስና የምትማረው ልጄ ጽጌ፣ በዚያው መሠረት ላይ የምንሠራውን አዲስ ጣሪያ በኮምፒውተር ሠርታ፣ እዚያው ነፋስ አስነፍሳበት፣ «ይቆማል» አለች። እኔ አናጢነትን ማንም ሳያስተምረኝ የለመድሁ ነኝና፣ ኮምፒውተሩ እውነቱን እንደሆነ በእጃችን እንፈትን ብዬ በኮምፔርሳቶ ረጅም ሳጥን ሠራሁ፣ ባንድ ጫፉ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ገጠምሁ፣ መካከሉ ላይ የቤቱን ትንሽ አምሳያ በዘይት ቆርቆሮ ከድኜ አስቀመጥሁ፣ የአየሩ መንገድ እንዲታየንም ከበግ ጠጉር የተፈተለ አጫጭር ክር ጣሪያው ላይ አጣበቅን። ጎረቤቴ ሽፈራው በአጥር አንገቱን አስግጎ፣ «ጋሼ ደምሴ፣ ነፋሱ ሲገራልዎ ለኛም አንድ ጥማድ ያውሱን!» ይለኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ ይተኛል ባለበት ክሩ ተኛ፣ ይርገበገባል ባለበት ተርገበገበ፣ ጽጌ ያየነውን በደብተሯ መዘገበች፣ እኔም ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቆመ፣ ክሮቹ ወረዱ፣ በአንድ ጥግ ያሉት ግን ቀጥ ብለው ሽቅብ ቆሙ፣ ጥጉም የጽጌ እናት ተኝታ የሞተችበት ነበር።

«አባባ፣ አላጠፉትም እንዴ?»

«መብራት ሄዷል እኮ!»

እጇን አስገባች። «አየር የለም» አለች። ያን ጊዜ ቆርቆሮው ሲጢጥ አለ፣ ያኔ የቤታችን ጣሪያ ሊገነጠል ሲል የሰማሁት ድምፅ ነው፣ አነሰ እንጂ።

«ከኮምፒውተሩ ጋር አይገጥምም። ልጻፈው?»

በልጅነቷ ስለ አንዲት ውሸት በአርጩሜ የገረፍኋት እኔ፣ «የገጠመውን ብቻ ጻፊ» አልኋት። ክረምቱ ሳይገባ መክደን ነበረብኝ፣ ሰበብ ግን ሰበብ ነው፣ ልጁን የሚገርፍ አባት አስቀድሞ ራሱን ይግረፍ። ትክ ብላ አየችኝና ጻፈች፣ ቤቱም በዚያ ልክ ተከደነ።

ኋላ በአዲሱ ቤት በዚያው ጥግ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ያንኑ ክር አሰርሁ፣ የገብስ ዛላ እንኳ በማይነቃነቅበት ቀትር ሽቅብ ይቆማል። አፍርሼ የምሠራበት አቅም የለኝም። ጽጌ ለበዓል መጥታ መኝታዋን እዚያው አነጠፈች።

«ሌላ ቦታ ተኚ» አልኋት።

«የጻፍነው ይቆማል ነው የሚለው፣ አባባ።»

ይህን የምጽፈው በቀትር ነው፣ ነፋስ የለም፣ እሷ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወስዷታል፣ ክሩ ቆሟል፣ አሁን ደግሞ ቆርቆሮው ሲጢጥ ማለት ጀምሯል።