ከጌጡ ኋላ «አለሁ» ያለው

ይህን ሌላ ሰው ቢያወራው እኔም አላምነውም ነበር። ግን እዚያው ነበርኩ። ያልተዋጠለት ደብረ ታቦር ወጥቶ «ሙላቴን ታውቁታላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ድንጋዩም ይመሰክርልኛል።

ነሐሴ 1979 ዓ.ም.። ቅዳሜ። ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ሌሊት አላልኩም። ቀን ነው... ግን የጉናን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል። ክንድህን ስትዘረጋ ጣትህ የት እንደገባ አታይም።

ያኔ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ነበርኩ። ገና ሃያ ዓመቴ፣ ትከሻዬ በር የማያስገባኝ። ስሜ ሲነሣ ሐሙሲት ያለ ሌባ ደብረ ታቦር ላይ የሰረቀውን ይመልስ ነበር። ጅብ እንኳ መንገድ ለቆልኝ ነው የሚያልፈው።

አንድ ሰው ብቻ አልፈራኝም።

ማጅራት መቺው።

ከከተማው ወደ ገሳይ ሲወጣ ባሕር ዛፍ ጫካ ነበር። ሰውዬው እዚያ ጉም ውስጥ ይቆማል። ከኋላ ይመጣል። ማጅራት ላይ አንዴ... በቃ። የተመታ ሰው የመታውን አያይም።

በሐምሌ ጨው ነጋዴው በላይነህ እዚያው ጫካ ሞቶ ተገኘ። አዲሱ ጋቢው ተገፏል።

ሚስቱ የሺ ለቅሶ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፦ «ማን እንደሆነ ሳላውቅ አልሞትም።»

ቀበሌው መላ መታ። (እውነቱን ለመናገር መላው የእኔ ነው።) ከገበያ የሚመለስ ሰው ብቻውን እንዳይሄድ። እኔ ጠመንጃዬን ይዤ ከፊት፣ ገበያተኛው ተሰልፎ ከኋላዬ፣ ከጫካው ማዶ እስካለው ድልድይ። ጉም ሲሆን እኔ «አለን?» እላለሁ። ከፊት እስከ ኋላ እያንዳንዱ በተራው «አለሁ!» ይላል። ድምፁ የጠፋ ካለ ሰልፉ ይቆማል።

የመጨረሻውን ቦታ ማንም አይፈልገውም። ከጌጡ በቀር።

ጌጡ እንጨት ፈላጭ ነው፣ ዝምተኛ። ሁልጊዜ «ኋላውን ለእኔ ተዉት» ይላል። የሺ እንኳ «ክፉ አይይህ፣ ልጄ» እያለች ትመርቀው ነበር።

ያን ቀን ጫካው አፍ ላይ ስንደርስ ጨርቅ ነጋዴዋ ፋጡማ ከኋላዬ ተጠግታ ሹክ አለችኝ።

«ሙላቴ... ጠመንጃው ጥይት አለው?»

«ዝናር ሙሉ!»

«እስቲ ማርያምን በል።»

ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩ።

«ውይ ጉዴ! በባዶ ብረት ነዋ የምንጠበቀው!»

ገባን። ጉሙ ዋጠን።

«አለን?»

«አለሁ!» አለች ፋጡማ። «አለሁ» የሺ። ሌሎቹም ተከተሉ። መጨረሻ ላይ የጌጡ ወፍራም ድምፅ፦ «አለሁ።»

ከዚያ...

«እህ... እህ... አለሁ።»

ጌጡን ጉንፋን ይዞት ደገመው ብዬ አለፍኩት።

ትንሽ ሄድን። ከኋላ የበረባሶ ኮቴ ይሰማኛል። ጧ... ጧ... ጭቃው ላይ። ሌላው ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ጭቃው ጫማ ይነክሳላ።

ጌጡ ደግሞ ድሮም ባዶ እግሩን ነው።

«አለን?» አልኩ። ድምፄ የጫጩት ሆነ። ብርዱ ነው።

«አለሁ!» «አለሁ።» «አለሁ...»

«አለሁ!» አለ ጌጡ። ቅድም ሩቅ የነበረው ድምፁ አሁን ቀርቧል። እየሮጠ ነው እንዴ?

«እህ... እህ... አለሁ።»

የሺ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ያ ሳል...» አለች። «የበላይነህ ሳል ነው።»

«እትዬ የሺ፣ ይሂዱ... በማርያም ይሂዱ» አልኳት።

«ዝም በል አንተ!»

ወደ ጉሙ ዞረች። አልጮኸችም። ቤት ውስጥ ባሏን እንደምታነጋግር ሁሉ፣ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«በላይነህ... ማነው? ማነው የመታህ?»



የባሕር ዛፉ ጠብታ እንኳ መውረዱን ተወ።

ጧ... በረባሶው አንድ እርምጃ መጣ።

«አትንገራት!»

ጌጡ ነው የጮኸው። ሰልፉን ጥሶ መጥቶ እግሬ ሥር ተደፋ። ሁለት እጁን ማጅራቱ ላይ ቆልፏል።

«እጁን አንሡልኝ! ይቀዘቅዛል... እጁን ከማጅራቴ ላይ አንሡልኝ!»

ከኋላው ማንም አልነበረም።

ለካ ማጅራት መቺውን ደጀን አድርገን ነው የከረምነው! ከኋላ ሆኖ ማን ምን እንደያዘ ያያል፤ ያ ሰው በሌላ ቀን ብቻውን ሲገኝ ይመታዋል። የበላይነህ ጋቢም ጌጡ ቤት ከእንጨቱ ክምር ሥር ተገኘ።

በአንድ እጄ ማረክሁት። (ያሰረችው ፋጡማ ናት፣ በሻሿ። ግን አጠገቧ ነበርኩ።)

ፍርድ ቤቱ ሃያ ዓመት ፈረደበት። ይግባኝ ትላለህ ሲሉት አልፈልግም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ነገር ብቻ ለመነ።

«ከግድግዳ አጠገብ አስቀምጡኝ። ከኋላዬ ሰው እንዳይቆም።»

የሺ ከችሎት ስትወጣ «አወቅሁ» አለች።

በመጋቢት አንድ እስረኛ ላስረክብ ወህኒ ቤት ሄድኩ። ጌጡ ግቢው ውስጥ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ተቀምጧል። ከስቷል።

«እንዴት ነህ?» አልኩት።

«ቆጠራ ላይ ነው የሚከፋው» አለኝ በሹክሹክታ። «እኔ አለሁ ስል...»

አልጨረሰውም። ዘበኛው ጠራው። ተነሣ።

መጋቢት ነው እያልኳችሁ። ፀሐዩ አቧራ ይቆላል። ዝናብ የሚባል ካየን ወራት አልፏል። እሱ የተደገፈው ግድግዳ ግን ርሷል... የተቀመጠ ሰው ጀርባ ቅርጽ።

ከሱ በላይ ደግሞ ሌላ ርጥበት አለ... የቆመ ሰው ቅርጽ።

ጌጡ ግድግዳውን ታክኮ ወደ ክፍሉ ሄደ።

የተቀመጠው ቅርጽ ፀሐይ መታውና ወዲያው ደረቀ።

የቆመው ግን ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ... ተከተለው።