ያልተጣበቀው ብልጭልጭ

ሟቹ የሞተው አፉን ከፍቶ ነው፤ ምላሱ ላይ ወርቃማ ብልጭልጭ ተነስንሷል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ ስታይ አፍንጫው ውስጥም፣ ጉሮሮው ድረስም ያው ነገር ያበራል። ሰው ሞቶ እንደ ሰርግ አዳራሽ ሲያብረቀርቅ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ባልደረቦቿ «ሳሙና» ይሏታል። ሬሳ አይዘገንናትም፤ የሚዘገንናት በቁሙ ያለው ሰው ነው። አንዱን ጨብጣ ሳትታጠብ ሌላውን አትጨብጥም። ይህ ፎቶ ቤት ግን እንደ እሷ ላለ ሰው አልተሠራም። ባለሙያዎቹ «ግሊተር» የሚሉት የላስቲክ ብናኝ ገና በሩን ስታልፍ ጫማዋ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ካልሲዋ፣ ከዚያ እጅጌዋ። ብታራግፈው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይሄድም፤ ልክ እንደ አንዳንድ የሥራ ባልደረባ።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት በር ላይ የቆመው ሳጅን፣ ማስቲካውን እያላመጠ። «ፎቶ አንሺው በምሳ ሰዓት መሰላሉ ላይ ወጥቶ ብልጭልጩን ሲበትን አዳለጠው። በጀርባው ወደቀ፤ ጭንቅላቱ የመብራቱ ማቆሚያ ብረት ላይ አረፈ። ሦስተኛው ደረጃ ዘይት ተቀብቶ አገኘነው።»

«የማን ዘይት?»

«የሚስቱ። ሜካፕ አርቲስት ናት፤ እዚሁ አብራው ነው የምትሠራው። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ያልሰማ የለም። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ሳትመልስለት ስልኳ ጮኸ። ኮማንደሩ ነበር።

«ሴትዮዋን ይዘሽ ነይ። እስከ አሥር ሰዓት እንዲያልቅ» አላት። «ፎቶ ልትነሳ የመጣችው ልጅ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ያቺ በየስልኩ ክሬም የምትሸጠዋ ናት፤ የኔ ልጅ እንኳ የእሷን ነው የምትቀባው። ስሟ ከሬሳ ጋር እንዲነሳ አልፈልግም።»

«ገባኝ ጌታዬ» ብላ ዘጋችና ስልኩን በመሀረብ ጠረገችው።

መሰላሉ እንደቆመ ነው። የላይኛው ደረጃ ወርቅ የለበሰ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለውም፣ ሌሎቹም። ከታች ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ዘይቱ ስስ ሆኖ ተለቅልቋል፤ ከማንጸባረቁ የተነሳ የጣሪያው አምፖል ይታይበታል። በጓንቷ ጣት ዳሰሰችው። ጣቷ ወዛ፤ ሌላ ምንም አልያዘም። እጅጌዋን አየች፤ ተመልሳ ደረጃውን አየች። ሳጅኑ ማስቲካውን ሁለቴ አስጮኸ።

«ያንን ማስቲካ ትፍና ካሜራውን ማንም እንዳይነካው አድርግ» አለችው።

ካሜራው ማቆሚያው ላይ እርቃኑን ተቀምጧል፤ ሌንሱ በብናኙ ተሸፍኗል።

ሜካፕ አርቲስቷ በመዋቢያው ክፍል ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ወንበር ሞልቶ ሳለ። የሟች ባሏ ጫማ ይመስል የራሷን ጫማ አቅፋለች።

«ዘይቱ ያንቺ ነው አሉኝ፣ እህቴ።»

«የኔ ነው።»

«ለምን ትጠቀሚበታለሽ?»

«ለማጣበቂያ ነዋ። ብልጭልጭ ደረቅ ቆዳ ላይ አይቆምም። መጀመሪያ ዘይት ይቀባል፤ ከዚያ ሲነሰነስበት ሙጭጭ ይላል። ቢሉት ቢሠሩት አይለቅም።»

«ዛሬ ልጅቷን ቀብተሻት ነበር?»

«አልደረስንም። ብልጭልጭ ሁሌ መጨረሻ ነው። ንጹሑ ፎቶ ቀድሞ ይነሳል፤ ዕቃው አንዴ ከተከፈተማ ወር ሙሉ ከአልጋችን አይወጣም። ካሜራው በላስቲክ ሳይጠቀለል ክዳኑን መንካት ክልክል ነው። ባሌ በዚህ በዚህ ቀልድ አያውቅም።»

«ጠዋት ምን አጣላችሁ?»

«የልጅቷ ቆዳ ልክ አልነበረም። አልነካትም፣ እንሸኛት አልኩት። እሱ ደግሞ እንዲያውም እንዳለች ነው የማነሳት አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ምሳ ሰዓቱን መንገድ ለመንገድ ስዞር ነበር፤ ያየኝ ሰው የለም።» ቀና አለች። «ልጃችን አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ትወጣለች። የሚያመጣት እሱ ነበር። እኔን ከወሰዱኝ ማን ይወስዳታል?»

ሳሙና ወደ ቀጣዩ ክፍል ሄደች።

ሬሳውን ያገኘው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ የመብራቱ ባለሙያ። አምፖል ሊገዛ ሄዶ ሲመለስ ወንድሙን ወድቆ አገኘው፤ አንስቶ አቀፈው። ደረቱና ጉልበቱ ወርቅ ሆኗል፤ ፀጉሩ ንጹሕ ነው።

«ስትወጣ ወንድምህ ከማን ጋር ነበር?»

«ፎቶ ልትነሳ ከመጣችው ልጅ ባል ጋር። ፎቶ አሳምር፣ አላሳምርም ሲባባሉ ነበር። ደንበኛ ሁሉ እንደዚያው ነው፤ አፍንጫዬን አሳንስ፣ አገጬን አውጣ… ጆሮ አልሰጠሁትም።»

ባለ ክሬሟ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተኝታለች፤ ፊቷ ላይ ነጭ ጭምብል፣ እጇ ላይ ስልክ። ወጥታ ሬሳውን አላየችም፤ «ስሜቴን ይነካዋል» አለች። የባሏን ስሜት ግን አልነካውም። ከበሩ ላይ ሆኖ የሟቹን ባለ ወርቅ እጅ ፎቶ አንስቶ፣ «ጥበብ አትሞትም» የሚል ጽሑፍ አክሎ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል። ሬሳው ሳይነሳ ሕዝቡ የልብ ምልክት ሲያዘንብበት ነበር።

ባሏ ጺሙን በቅባት ያሳመረ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ሳሙናን እንዳየ ከቦርሳው አንድ ብልቃጥ አወጣ።

«ለእርስዎ ነው። እጅዎ ደርቋል፤ ሁለት ሳምንት ቢቀቡት ይለሰልሳል። እኛው ነን የምንሠራው።»

«ይቅርብኝ። ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«መኪናዬ ውስጥ፣ ስልክ ላይ። ጩኸት ሰምቼ መጣሁ፤ ግን ወደ ውስጥ አልገባሁም። ደም አልወድም።»

«ጺምዎ ያበራል።»

ዳሰስ አደረገውና ሳቀ። «ኧረ ይህማ ከባለቤቴ ነው። ስስማት ተለጥፎብኝ ይሆናላ።»

ሳሙና ጠጋ ብላ አየችው። ከላይ የተለጠፈ አልነበረም። እስከ ሥሩ ድረስ ገብቷል፤ ቅንድቡም ውስጥ አለ። የሽቶውና የቅባቱ ጠረን አንድ ላይ ሲመጣባት አፏን በመሀረቧ ያዘች።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁሉንም መዋቢያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሳጅኑ ካቴናውን አዘጋጅቶ ከሜካፕ አርቲስቷ ጀርባ ቆመ።

«ከዘይቱ እንጀምር» አለች ሳሙና። «ብልጭልጩ ይኸው፤ ካልሲዬ ውስጥ ገብቷል፣ የሳጅኑ ሱሪ ላይ ወጥቷል። መሰላሉም ከላይ እስከ ታች ወርቅ ለብሷል። በዚህ ቤት አንዲት ፍሬ ያላረፈችበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ዘይት የተቀባው ደረጃ። ምን ነበር ያልሽኝ እህቴ፣ ዘይት ምን ያደርጋል?»

«ያጣብቃል» አለች ሜካፕ አርቲስቷ በቀስታ።

«ያጣብቃል። ሟቹ ዘይት ረግጦ አዳልጦት ብልጭልጩ ቢበተን ኖሮ፣ ያ ደረጃ ከሁሉም በላይ ወርቅ በለበሰ ነበር። ስለዚህ ዘይቱ የተለቀለቀው ብልጭልጩ ካረፈ በኋላ ነው፤ ዘይቱ የተቀባበት ጨርቅ ወይም ሶፍት የነበረውንም ጠርጎ ወሰደው። ሰውየው ወድቆ ካበቃ በኋላ ማዳለጫ ተሠራለት። ይህን የሚያደርግ ዘይትን ማዳለጫ ብቻ አድርጎ የሚያውቅ ሰው ነው። በዘይት ስታጣብቅ የኖረች ሴት ይህን አትሳሳትም።»

ሳጅኑ ከሴትዮዋ ጀርባ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለ።

«ቀጥሎ ካሜራው። በላስቲክ አልተጠቀለለም። ሟቹ የብልጭልጩን ዕቃ ሊከፍት ገና አላሰበም ማለት ነው። ብልጭልጩን የበተነው ሌላ ሰው ነው። ከላይ የበተነ ሰው ደግሞ ፀጉሩና ፊቱ ላይ ይዘንብበታል። ኋላ የገባን ሁላችን ከጫማችን ጀምሮ ነው የያዘን። ወንድምየው ደረቱን ነው፤ ስላቀፈው። እኔ ገብቼ እንኳን ቅንድቤ ንጹሕ ነው። አልገባሁም ያልከው አንተ ግን ጺምህ እስከ ሥሩ ወርቅ ሆኗል።»

«አንተ» ማለቷን ሁሉም ልብ አለው።

«ከባለቤቴ ነው ብዬሻለሁ እኮ» አለ ባልየው፤ እሱም አክብሮቱን ረስቶ።

«እሺ፤ እንያት። መብራቱን አብራልኝ።»

ወንድምየው ትልቁን መብራት ወደ ባለ ክሬሟ አዞረ። ሳሙና በሁለት ጣቷ ጭምብሉን ከዳሩ ይዛ ገፈፈችው። አንዲት የብልጭልጭ ፍሬ አልነበረችም። የነበረው ሌላ ነው፤ ጉንጮቿ ተልጠው ቀልተዋል፣ በአፍንጫዋ ዙሪያ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ቢጫ ውሃ ቋጥሯል። ጭምብሉም የተላጠውን ይዞ ነው የተነሳው። ሳጅኑ ፊቱን አዞረ።

«የራሳችሁ ክሬም ያመጣው ነው» አለች ሳሙና። «ፎቶ አንሺው ይህንን አነሳ። አሳምርልኝ አልከው፤ አላሳምርም አለህ። ገፋኸው። ብረቱ ላይ ወደቀ። እስከዚህ ድረስ ቢሆን በድንጋጤ ነው ብለህ ታለቅስ ነበር። ነገር ግን ብልጭልጩ ጉሮሮው ድረስ ገብቷል። ሬሳ አየር አይስብም። ስትነሰንስበት ገና ይተነፍስ ነበር፤ አንተ እርዳታ በመጥራት ፈንታ ታስጌጠው ነበር።»

«ምንም ማስረጃ የለሽም። የፎቶው ካርድ እንኳ…» የባልየው እጅ ወደ ኪሱ ሄዶ ተመለሰ።

«ካርዱ ከካሜራው ውስጥ የለም፤ ስጠብቀው አይቻለሁ» አለ ሳጅኑ፣ ቀስ ብሎ እየገባው። «እኛ ግን ማንም እንዲነካው አልፈቀድንም። የለም ብለን ለማንም አልነገርንም።»

«ኪሱን ፈትሽ።»

ካርዱ ከውስጥ ኪሱ ወጣ፤ ጥቃቅን ወርቅ ለብሶ፣ በዘይት በወዛ ሶፍት ተጠቅልሎ። ወንድምየው ሊዘልበት ሲል ሜካፕ አርቲስቷ ክንዱን ይዛ አስቀረችው።

ባልየውን ሲያወጡት ባለ ክሬሟ ፊቷን በፎጣ ሸፍና ወደ ሜካፕ አርቲስቷ ተጠጋች። «እህቴ፣ ያ ፎቶ ግን ይጠፋልኛል አይደል?»

«የባሌ የመጨረሻ ሥራው ነው» አለቻት። «አላጠፋውም።»

ባለ ክሬሟ ትንሽ አሰበችና ጥሩ መብራት ፈልጋ ስልኳን ከፊቷ አቆመች። እንባዋ የመጣው ካሜራው ከበራ በኋላ ነበር። ሳሙና መትፋት አማራት፤ የመትፊያ ቦታ ግን አጣች፤ ሁሉም ቦታ ያብረቀርቃል።

«መሄድ እችላለሁ?» አለች ሜካፕ አርቲስቷ።

«ሂጂ።»

በሩ ላይ ዞር አለች። «ልጄን ምን ብዬ ልንገራት?»

«አሁን እሱን አታስቢ» አለች ሳሙና። «የአባቷ እጅ ፎቶ በየስልኩ እየዞረ ነው። ከሰው ስልክ ላይ ሳታየው ቅደሚ። መኪናዬ ውጭ ናት፤ እኔ እነዳለሁ።»

ደጁ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ስልኩን ሽቅብ ይዟል። ሳሙና ጃኬቷን አውልቃ በሴትዮዋ ራስ ላይ ጣለችላት፤ በትከሻዋ ሕዝቡን እየገፋች ቀድማ ወጣች።